የጋምቤላ ሙቀትና የስኳር ሕመምተኛው ቤት

«ኢንሱሊኑን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ።» ይህች መመሪያ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቀላል ናት። ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ለተቀመጠችው ጋምቤላ ግን ከባድ ናት። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥማ ከውጭውም ይብሳል። ፍሪጅ የሌለው፣ ቢኖረውም መብራት የሚጠፋበት ሰውስ ምን ያድርግ?

ስለ ስኳር ሕመም ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ምግብና መድኃኒት ነው። የሚኖሩበት ቤት ግን ስኳሩን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። በላብ የወጣው ውኃ ካልተተካ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይጨምራል። ስኳር ሲጨምር ሽንት ይበዛል፣ ውኃው ደግሞ ይብሱን ይጎድላል። በሌላ በኩል ሙቀት ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ የተወጋው ኢንሱሊን ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ ያኔ ስኳሩ ሳይታሰብ ይወርዳል።

ወደ ኢንሱሊኑ እንመለስ። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ተከፍቶ የተጀመረው ከፍሪጅ ውጭ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ይህ ግን የሚባለው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ለማይበልጥ ቤት ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት ትንሽ ተስፋ ይሰጣል። ኬንያ ውስጥ ባለው የዳጋሃሌይ ስደተኞች መጠለያ ቤቶች ያለውን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ የሚዋዥቅ ሙቀት ወስደው ኢንሱሊኑን ሲፈትሹት፣ ለአራት ሳምንት ኃይሉን ጠብቆ ተገኝቷል። እንግዲህ የጋምቤላው ሰው ሥራ ብልቃጡን ከዚያ ሙቀት በታች ማቆየት ነው።

ለዚህ ሸክላ አለ። ትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ትንሹን አስገብቶ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን ጠዋት ማታ ማራስ፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን፤ ዕቃውን ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ሥር ማኖር። ብልቃጡ ውኃ በማያስገባ ዕቃ ተከድኖ ትንሹ ውስጥ ይቀመጣል። እንስራ ውኃን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። ችግሩ ክረምት ላይ ነው፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ውኃው ስለማይተን ሸክላው ብዙ አያቀዘቅዝም። ደግነቱ ያኔ ሙቀቱም ረገብ ይላል።

ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጡም አሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ከበረዶ ቤቱ ይራቅ። አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መጣል አለበት። በሙቀት የተበላሸ ኢንሱሊን ደግሞ ሁልጊዜ መልኩ አይለወጥም። መጠኑን ሳይቀይሩ፣ ምግቡንም ሳይቀይሩ ስኳሩ አልወርድ ካለ ብልቃጡን ይጠርጥሩ፤ መጠን ከመጨመርዎ በፊት ጤና ባለሙያ ያማክሩ። መለኪያውም ቢሆን ሙቀት አይወድም፤ ብዙዎቹ ከ40 ዲግሪ በላይ በትክክል አይሠሩም፣ ስትሪፑም ክዳኑ ክፍት ከቀረ ይበላሻል።

ሌላው የቤቱ ጉዳይ ወባ ነው። ጋምቤላ ላይ ሌሊት ያላበውና የተንቀጠቀጠ ሰው ሲታይ ቤተሰቡ «ወባ ነው» ብሎ ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። የስኳር መውረድም ግን እንዲሁ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ መጀመሪያ መለካት፤ መለኪያ ከሌለና ሰውየው መዋጥ ከቻለ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ማጠጣት፣ ካልነቃ ግን ምንም አፉ ውስጥ ሳይጨምሩ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ። ለዚህ ነው ሻይ ያለ ስኳር በሚጠጣበት ቤትም ስኳር መጥፋት የሌለበት። ወባው እውነት ሆኖ ሲገኝም ትኩሳቱ ስኳሩን ሊያንረው ይችላል፤ «ዛሬ ምንም አልበላም» ብሎ ኢንሱሊን ማቋረጥ በተለይ ለዓይነት አንድ ሕመምተኛ ለሕይወት አደገኛ ነው። መጠኑን እንዴት እንደሚያስተካክል ሐኪሙን አስቀድሞ፣ ሳይታመም ይጠይቅ።