40 የተጻፈበት ሞተር ጣና ላይ ስንት ነው?

ጣና ዳር ለሽያጭ የሚሠራ ጀልባ ዋጋው የሚቆረጠው በሞተሩ ነው። ላሜራውን ጥሩ በያጅ አጥፎ ይገጣጥመዋል፣ ቀለሙም በአንድ ቀን ይደርሳል፤ ገዢው ግን ዞሮ ዞሮ ዓይኑን የሚያሳርፈው ከኋላ በተሰቀለው ሞተር ክዳን ላይ በተጻፈው የፈረስ ጉልበት ቁጥር ነው። 15፣ 25፣ 40፣ 60። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ጀልባው የበለጠ ጎበዝ ይመስለዋል። ሠሪውም ይህን ስለሚያውቅ ብድር ገብቶም ቢሆን ትልቁን ቁጥር ያመጣል። እኔ እነዚህን ሞተሮች እወዳቸዋለሁ፤ ስለምወዳቸውም ይህ ልማድ ያበሳጨኛል። ትንሹ ሞተር ያለ ጥፋቱ «ደካማ» ተብሎ ሲጣል፣ ትልቁ ደግሞ ያለ ሥራው ቤንዚን ሲጠጣ ማየት ይከብዳል።

መሠረታዊውን ቶሎ ልለፈው። ከጀልባ ጀርባ የሚንጠለጠለው ሞተር ሦስት ነገር በአንድ አካል ነው፤ ላይ ሞተሩ፣ መሐል ወደ ታች የሚወርደው ሻፍት፣ ታች ካምቢዮውና ፕሮፔለሩ። መሪውም እሱ ነው። የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውኃ ነው። ሲበላሽ ሁለት ሰው ፈትቶ፣ ተሸክሞ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል።

ለዓሣ ማስገሪያ የሚሆን ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና በስፋት የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረው የጣና ሐይቅ ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ነው፤ በመንግሥት፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍልና በኔዘርላንድ ድርጅቶች ትብብር የተካሄደ ሥራ ነበር። ከዚያ በፊት አስጋሪው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ዳር ዳሩን ነበር የሚሠራው። ሞተሩ መሐል ሐይቁን ከፈተለት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጣና ያለው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ይህን ቁጥር ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጀልባ ሠሪዎች ግን ሞተር ሲመርጡ ጨርሶ አያነሱትም። ሞተር ቤንዚን ብቻ የሚበላ ይመስለናል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ ለመቃጠል ወደ 15 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ሲሊንደሩ ደግሞ የሚስበው አየር ይዘቱ የተወሰነ ነው፤ ሊጨምርም ሊቀንስም አይችልም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ያው ሲሊንደር ያንኑ ያህል ቦታ ሞልቶም ክብደቱ በአምስት አንድ እጅ ያነሰ አየር ነው የሚያገኘው። አየር ካነሰ የሚቃጠለው ቤንዚን ያንሳል፤ ጉልበቱም ያንሳል። መካኒኮች ለየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ቀንስ የሚሉት ስሌት ከዚህ የመጣ ነው፤ ለእኛ ከበቂ በላይ ትክክል ነው።

ክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ 40 የሆነው ሞተር ባሕር ዳር ሲደርስ 32 ወይም 33 ነው። 15ቱ 12 ይሆናል። ቪክቶሪያ ሐይቅ 1,134 ሜትር ላይ ስለሆነ እዚያ ያለ አስጋሪ የሚያጣው ከአሥር አንድ ገደማ ነው። ሐዋሳና ዝዋይ ግን እንደኛው ናቸው። ሞተሩ አልታመመም፤ ሻጩም አላታለለም። አየሩ ነው።

ጉዳቱ እዚህ ቢያበቃ ምንም አልነበረም። ከአርባው ላይ ሰባት ቀንሶ መኖር ይቻላል። ችግሩ የሚብሰው ፕሮፔለሩ ጋ ስንደርስ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ነው። አየሩ ሳሳ፤ ውኃው ግን አልሳሳም። የጣና ውኃ ፕሮፔለሩን የሚይዘው በባሕር ወለል ያለ ሐይቅ እንደሚይዘው አድርጎ ነው። ከፋብሪካ የመጣው ፕሮፔለር የተመረጠው ሙሉ ጉልበት ላለው ሞተር ነው፤ እኛ ከአምስት አራት እጅ ብቻ በቀረው ሞተር እሱኑ እናዞራለን። ጎሐ ጽዮንን ወርዶ የደጀንን ዳገት በአራተኛ ማርሽ ለመውጣት እንደሚታገል መኪና መሆኑ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ዙሩ አይነሣም፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ፒስተኑ ላይ ጥላሸት ይጋገራል። ነጂው መስጫውን እስከ መጨረሻው ይዞ ይቀመጥና ሲመለስ «ሞተሩ ደካማ ነው» ይላል።

ፕሮፔለር አንድ ጊዜ ሲዞር በሐሳብ ወደፊት የሚሄድባት ርቀት ፒች ትባላለች፤ የምትለካው በኢንች ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ፕሮፔለሩ ላይ ተቀርጻ ትገኛለች። አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። በዚህ መጠን ያሉ ብዙ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች መስጫቸው ሙሉ ሲከፈት በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 መዞር አለባቸው። ከዚያ በታች ከቀሩ ፕሮፔለሩ ከብዷቸዋል ማለት ነው። ምርጫው ይህን ያህል ቀላል ነው፤ የሚያስፈልገው የዙር መለኪያ ማሰር ብቻ ነው። ይህን አድርጎ ጀልባ የሚሸጥ ሰው ግን ገና አልገጠመኝም።

አንድ ወጣት በያጅ ለሽያጭ ያዘጋጃት ባለ 40 ጀልባ ነበረችው። ቀለሟ ገና አልደረቀም። ገዢው ሞክሯት፣ አፍንጫውን ነፍቶ ሄዷል። «ጋሼ፣ ይሄ 40 እኮ አይጎትትም። ሸጬው 60 ልግዛላት?» አለኝ። አብረን ሰው ሞልተን ወደ ውስጥ ወጣን፤ በካንዴላው ገመድ ላይ ባሰርናት ትንሽ መለኪያ ዙሩ ከ4,300 አላልፍ አለ። ፕሮፔለሩ ባለ 13 ነበር። ባለ 11 ፈልገን ገጠምንለትና ያንኑ ሰው ጭነን ወጣን፤ 4,700 ገደማ ደረሰ፤ ጀልባዋም ከቆመችበት ስትነሣ ልዩነቱ በወንበር ላይ ይታወቃል። «ይሄን የነገረኝ የለም እኮ! ሞተር ልቀይር ነበር!» አለ። የፕሮፔለር ዋጋና የሞተር ዋጋ ሲተያዩ ፕሮፔለሩ ምንም ማለት አይደለም።

ፕሮፔለሩ ከተስተካከለ በኋላ የቀረው ካርቡራተሩ ነው። ቤንዚን የሚያሳልፍባት ትንሿ ቀዳዳ የተለካችው ለወፍራም አየር ስለሆነ፣ እዚህ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ታሳልፋለች። ጢሱ፣ የጠቆረው ካንዴላ፣ ቶሎ የሚያልቀው ጀሪካን የእሷ ሥራ ናቸው። አንድ ቁጥር ያነሰች መግጠም በቂ ነው። «የእኔ በኮምፒዩተር የሚሠራ ነው፣ ከፍታ አይነካውም» የሚሉ ባለ አዲስ ሞተሮችም አሉ። ኮምፒዩተሩ የአየሩን ግፊት ለክቶ ቤንዚኑን በልኩ ያደርጋል፤ ይህ እውነት ነው፤ ጢስና ብክነት አይኖርም። የሌለውን አየር ግን ከየትም አያመጣውም። የጎደለውን አየር በግድ አፍኖ የሚያስገባው እንደ ቱርቦ ያለ መጭመቂያ ነው፤ እሱ ደግሞ በብዛት ያለው በናፍጣ ሞተር ላይ ነው፤ ለሽያጭ የምትሠራ የስምንት ሜትር ጀልባ ውስጥ ቦታ የለውም።

ስለ ስምንት ሜትር ካነሣሁ፣ ውኃ ሰንጥቃ እንጂ በውኃ ላይ ተንሳፍፋ የማትሄድ ከባድ የላሜራ ጀልባ ፍጥነቷን የሚወስነው ርዝመቷ ነው። ስምንት ሜትር ያላት ከሆነች በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ራሷ ያነሣችው ማዕበል ይይዛታል። ከዚያ በላይ የሚጨመር የፈረስ ጉልበት ኋላዋን ወደ ታች ይቀብራል እንጂ አያስሮጣትም። ከባሕር ዳር ዘጌ ድረስ በዚህ ፍጥነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ እዚያ ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለም የሚሄድ መንገደኛም ሆነ ጎብኚ ከዚህ የበለጠ አይቸኩልም። ለእንዲህ ያለች ጀልባ በልኳ ፕሮፔለር የገጠመ 25 ይበቃታል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ለመጠባበቂያ የሚሆን ጉልበት ለሚፈልግ ደግሞ 40። ከዚያ በላይ የሚገዛው ለዓይን ነው።

የትኛው 40 ለሚለው፣ ልቤ የሚያደላው ለጥንቱ ባለ ሁለት ምት ያማሃ ነው፤ ኤንዱሮ ለሚባለው። ሁለት ሲሊንደር፣ 703 ሲሲ፣ በገመድ የሚነሣ፣ በአንድ ቦርሳ መፍቻ የሚፈታ። ባትሪ ቢሞት ግድ የለውም። ደቅ ደሴት ላይ ሆኖ ለተበላሸበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መለዋወጫውንም ሆነ የሚፈታውን እጅ ማግኘት አይቸግርም። ለሽያጭ የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያስብ የሚገባውም ይህንን ነው፤ ጀልባውን የሚይዘው ሌላ ሰው ነውና።

ግን ጉድለቱንም መሸፈን አልፈልግም። ባለ ሁለት ምት ካርቡራተር ሞተር ከሚያስገባው ቤንዚን እስከ ሩብ የሚደርሰውን ሳያቃጥል ከነዘይቱ በጭስ ማውጫው ወደ ውኃው ይለቀዋል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎችም ያሉበት ነው። ጎብኚ ለማመላለስ ብቻ ከከተማው ዳርቻ ለምትነሣ ጀልባ ባለ አራት ምት ሞተር ይገጠምላት እላለሁ፤ በ20 ኪሎና ከዚያ በላይ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይጨምራል፣ ግን ቤንዚኑን ይቆጥባል፣ ጸጥ ያለም ነው። ባለ ሁለት ምቱ ራቅ ብሎ ለሚሠራው አስጋሪ ይቆይ።

ለእሱም ቢሆን ዘይቱ በዓይን ግምት አይደባለቅ። 50 ለ 1 ማለት ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ነው፤ የለስላሳ ጠርሙስ አንሥቶ «ይበቃል» ማለት አይደለም። የመኪና ዘይት ደግሞ ጨርሶ አይገባም፤ እሱ የተሠራው በሞተር ውስጥ እየተዘዋወረ ለመኖር ነው እንጂ ለመቃጠል አይደለም፤ አመዱ ካንዴላውን ይደፍናል። ይህን እያወቁ የሚያደርጉ ነጂዎች አሉ፤ ሊያፍሩበት ይገባል።

እምቦጭ ሌላው ችግር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታወቀው ይህ አረም በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ በኩል ለሚሠራ ሰው የየዕለት ጉዳይ ነው። ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን የማቀዝቀዣ ውኃ የሚገባበትን ወንፊት ሲደፍን ነው። ከሞተሩ ጎን የምትፈሰው ቀጭን ውኃ ከተቋረጠች ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፣ ይነሣ፣ በእጅ ይጸዳ። ጉልበት ጨምሮ አረሙን ቆርጦ ለማለፍ የሚሞክር ሰው ሞተሩን ያቃጥለዋል።

ሠሪው ያገለገለ ሞተር ከገዛ ሁለት ነገር ይይ። የካምቢዮውን ዘይት ከታች በብሎኑ ትንሽ ያፍስስ፤ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ቀጥሎ የሲሊንደሮቹን ግፊት ያስለካ። እዚህ ላይ ከፍታው እንደገና ይገባል፤ በባሕር ወለል 120 ፒ.ኤስ.አይ. የሚያሳይ ደኅና ሲሊንደር ጣና ዳር 97 ገደማ ነው የሚያሳየው፤ መጽሐፉን ገልጦ «ሞቷል» የሚል መካኒክ ስንት ጤነኛ ሞተር አስጥሏል። መታየት ያለበት ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። አንዱ 97 ሌላው 95 ከሆነ ይግዛው። አንዱ 97 ሌላው 80 ከሆነ ግን ክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንም ያህል ቢያጓጓው፣ መኪናውን አስነሥቶ ይመለስ።