የመቅደላው መድፍ ሠሪ ልጆች

በምዕራቡ የደቡብ ወሎ ደጋ መቅደላን የማያውቅ የለም። ስሟ በወረዳም በዩኒቨርሲቲም ላይ አለ፤ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ ከፍቷል። ሴባስቶፖል መድፍም ዛሬም አምባው ላይ ነው። መድፉን ከሠሩት ሰዎች የአንዱ ልጅ ግን መድፉ መቅደላ በወጣ በ47 ዓመቱ የጀርመንን ምስጢር ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ መንገድ ላይ መያዙን የሚያነሳ እምብዛም አይገኝም። ሰውየውን ለማወቅ ከአባቱ መጀመር ይሻላል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።

ሞሪትዝ ሆል የክራኮው ተወላጅ ፖላንዳዊ አይሁድ ነበር። ፕሮቴስታንት ከሆነ በኋላ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ከሠፈሩት የጀርመንና የስዊስ ባለሙያ ሚሲዮናውያን ጋር ተቀላቀለ። ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን ሰዎች አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሥሩልኝ ብለው ያዟቸው። ሰዎቹ ብረት አቅልጠው መድፍ የማውጣት ልምድ አልነበራቸውም፤ ብዙ ሞክረው፣ ብዙም ከሽፎባቸው በ1859 ሴባስቶፖልን ሠሩ። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ብረት በሰው ጉልበት እየጎተቱ፣ ቋጥኝ እየፈነቀሉና መንገድ እየጠረጉ፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል አሻግረው መቅደላ ያወጡት በ1860 ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው ጦርነት ግን መድፉ ለቴዎድሮስ አንድም ነገር አልፈየደላቸውም።

የሆል ሚስት ካታሪና የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤዱዋርድ ዛንደር ልጅ ስትሆን እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ንጉሡ ሞተው እንግሊዞች አውሮፓውያኑን ይዘው ከአምባው ሲወርዱ፣ በዚያው ሰሞን ሴት ልጅ ወለደች። ስሟንም ከአምባው ወስደው ማግዳሌና አሏት። ቤተሰቡ መጨረሻው ፍልስጥኤም፣ ያፋ ሆነ። ያፋ ያኔ የኦቶማን ቱርክ ግዛት ነበረች። ስለዚህ የሆል ወንዶች ልጆች በእናት ወገን ኢትዮጵያዊነት ያላቸው፣ ለጀርመን ያደሩና በሱልጣኑ አገር ያደጉ ነበሩ። በርሊንና ኢስታንቡል አንድ ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚልኩት ሰው ሲፈልጉ ከእነሱ የተሻለ ከየት ያገኛሉ?

ሁለቱ መንግሥታት በምስጢር የተዋዋሉት ሐምሌ 26 ቀን 1906 ነው። ዝምድናው ግን ያረጀ ነበር። ቱርኮች የክሩፕን መድፍና የማውዘርን ጠመንጃ ከ1870ዎቹ ጀምረው ይገዙ ነበር፤ መኮንኖቻቸውንም ጀርመኖች ያሠለጥኑ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እርዳታው በረከተ። ጀነራል ሊማን ፎን ዛንደርስ የጋሊፖሊን መከላከያ አዘዘ። ጎበንና ብሬስላው የተባሉት የጀርመን የጦር መርከቦች ለቱርክ ተሸጡ ተብሎ ስማቸው ተለወጠ፤ ጀርመናውያኑ መርከበኞች ግን ከመርከቦቹ አልወረዱም፣ ቆባቸውን አውልቀው የቱርክ ፌዝ ደፉ እንጂ። ጥቅምት 19 ቀን 1907 የሩሲያን የጥቁር ባሕር ወደቦች ደብድበው ቱርክን ጦርነቱ ውስጥ ማገዷት።

ይህ ሁሉ እርዳታ የሚሄደው በባቡር ነው። የጀርመን ባንክ ገንዘብ ያፈሰሰበት የባግዳድ መስመር አናቶልያን ያቋርጣል። በጀርመናዊው መሐንዲስ በማይስነር ፓሻ መሪነት የተዘረጋው የሒጃዝ ሐዲድ ደግሞ እስከ መዲና ይደርሳል፤ ከዚያ አያልፍም። ከመዲና ወዲህ ያለው ቀይ ባሕር የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች የሚጠብቁት ነው። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ሐዲድ የፈረንሳይ፣ ምጽዋ የጣሊያን፣ በርበራና ዘይላ የእንግሊዝ። እንግዲህ በርሊን ለኢትዮጵያ አንድ ሳጥን ጥይት ልላክ ብትል እንኳ የምታስገባበት በር አልነበራትም። ስለ ልጅ ኢያሱ ዘመን «የጀርመን ጦር መሣሪያ» ሲወራ ስሰማ ይህ ካርታ ነው ዓይኔ ላይ የሚመጣው።

ፍላጎቱ ግን አልጠፋም። የቱርክ ጦር ከጀርመናዊው መኮንን ከክሬስ ፎን ክሬስንሽታይን ጋር በጥር 1907 የስዌዝን ቦይ ሊይዝ ሞክሮ ተመለሰ። ኢትዮጵያ ሱዳንን ብትወጋ እንግሊዝ ጦሯን ትከፍላለች፣ ግብፅም ትላላለች የሚል ስሌት ነበራቸው። በአዲስ አበባ ሥልጣኑን የያዙት ደግሞ የወሎው ሰው ልጅ ኢያሱ ናቸው። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ቦሩ ሜዳ ላይ ክርስትና ከመነሳታቸው በፊት መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር፤ በግንቦት 1906 ደሴ ላይ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በጋብቻ አስተሳስሮ የሚኖረውን የወሎ ሰው ይህ አያስገርመውም። በርሊንና ኢስታንቡል ግን ሱልጣኑ ያወጀውን ጂሃድ የሚሰማ ጆሮ አገኘን ብለው ተስፋ አደረጉ።

መጀመሪያ የላኩት የአፍሪቃ አጥኚውን ሌኦ ፍሮቤኒዩስን ነው። የሳይንስ ጉዞ መሪ ነኝ ብሎ፣ ቀይ ባሕርን በጀልባ ተሻግሮ በየካቲት 1907 ምጽዋ ደረሰ። ጣሊያን ገና ገለልተኛ ነበረች፤ ቢሆንም ወደ ውስጥ አላሳለፈችውም፣ ወደ አውሮፓ መለሰችው። ቀጥሎ የመድፍ ሠሪው ልጅ ሳሎሞን ሆል ተላከ። እሱም በዚያው ዓመት ኤርትራ ላይ በጣሊያኖች እጅ ወደቀ። አባቱ መድፍ ከሠራባት አገር ሳይደርስ ነገሩ እዚያው ቀረ።

አዲስ አበባ ውስጥ የቀሩት የጀርመኑ ሚኒስትር ፎን ዚቡርግና የቱርኩ ቆንስል ማዝሃር ቤይ ናቸው። ሁለቱም ከአገራቸው ጋር በደንብ የማይገናኙ፣ ወሬና ተስፋ እንጂ ጥይት የሌላቸው ነበሩ። ከጀርመን ወገን ወደ ጦር ሜዳ የደረሰ ነገር ቢባል አንድ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ይሠራ የነበረ ኤሚል ኪርሽ የሚባል መካኒክ። ልጅ ኢያሱ በ1908 እንግሊዞችን ወደሚወጉት ወደ ሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን፣ ጣሌህ ወደሚባለው የድንጋይ ምሽግ ላኩት። ሥራው የተሰበረ ጠመንጃ መጠገን ነበር። ያለ በቂ መሣሪያ፣ ያለ መለዋወጫ፣ ትዕግሥት በሌለው ጌታ ፊት ያን ማድረግ አልሆነለትም። በመጨረሻ ጠፍቶ ወደ ባሕሩ ሲሸሽ በረሃው ላይ በውኃ ጥም ሞተ። ሞሪትዝ ሆል ጋፋት ላይ የገባበት ጣጣ ነው፤ ልዩነቱ ሆል ከነነፍሱ መውጣቱ ነው።

የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሚኒስትሮች ግን ይህን ሁሉ እንደ ትልቅ ዘመቻ ቆጠሩት። በ1909 መስከረም መጀመሪያ ላይ በአንድነት የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። የመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17፣ መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ብለው ከሥልጣን አወረዱ። ሰለሙ መባሉ ዛሬም ያከራክራል፤ እኔ ክሱን ከሦስቱ ሚኒስትሮች ፍርሃት ለይቼ ማየት ይቸግረኛል።

ዕዳውን የከፈለው ወሎ ነው። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ሊያስመልሱ የወሎን ፈረሰኛና እግረኛ ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ ድል አድርገው ራስ ልዑል ሰገድን ገደሉ። ጥቅምት 17 ቀን ግን ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፤ ራሳቸው ተማረኩ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ከጀርመንም ከቱርክም የመጣላቸው አንድ መድፍ አልነበረም። ልጅ ኢያሱ ደግሞ ሸሽተው መቅደላ ገቡ፤ በ1909 ለወራት ተከበቡ፤ በሐምሌ ሾልከው ወጡ። አምባዋ የተከበበ ገዥ ያስጠለለችው ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም።

የሆል ቤተሰብ ታሪክ ግን አላበቃም። የሳሎሞን ወንድም ዳቪድ ሆል በኋላ የአፄ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ ሆነ። በ1927 ክረምት የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ ጠመንጃ ፍለጋ በርሊን ሄደ። ሂትለር ኦስትሪያን ሲያስብ ሙሶሊኒ አፍሪቃ ውስጥ ቢጠመድለት ይጠቅመው ነበርና በምስጢር 3 ሚሊዮን ማርክ ፈቀደ። 10,000 ማውዘር፣ 10 ሚሊዮን ጥይት፣ ጸረ ታንክ መድፍም ተዘጋጀ፤ የጀርመን ፋብሪካ ምልክቱም ከመሣሪያዎቹ ላይ ተፋቀ። ወንድሙና ፍሮቤኒዩስ በ1907 ይዘው ማለፍ ያልቻሉትን ዳቪድ ከ20 ዓመት በኋላ አገኘው። በጥቅምት 1929 ግን ያችው ጀርመን የጣሊያንን የኢትዮጵያ ገዥነት አጸደቀች።