ወንፊት የማይለየው ቋጠሮ

ሮቢት ላይ ማሽላው ተወቅቶ ሲያበቃ ቀሪው ሥራ የነፋስ ነው። ገበሬው በላይዳ እያፈሰ ወደ ላይ ይበትነዋል፤ ገለባው ስለሚቀል ነፋሱ ገፍቶ ዳር ይጥለዋል፤ ፍሬው ስለሚከብድ እዚያው እግሩ ሥር ይወርዳል። የቀረውን ጠጠርና እብቅ ሰፌድና ወንፊት ይጨርሱታል። በመላው የራያ ሜዳ እህል የሚጠራው በእነዚህ በሁለቱ ነው፦ በክብደትና በመጠን። የኬሚስት ላቦራቶሪም ቢሆን፣ ዕቃው ቢረቅም፣ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ጉዱ የሚመጣው የሚለዩት ነገሮች ክብደታቸውም መጠናቸውም አንድ ሆኖ ሲገኝ ነው። አይሶመር የሚባሉት እንዲህ ናቸው፤ አቶሞቻቸው በዓይነትም በቁጥርም እኩል ሆነው አሰካካቸው ብቻ ይለያል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቡቴንን አንዴ ቀጥ አድርገን፣ አንዴ ቅርንጫፍ አውጥተን የሳልነው ገሩን ዓይነት ነው። እነዚያ የሚፈሉበት ሙቀት ስለሚለያይ አፍልቶ መለየት ይቻላል። አስቸጋሪዎቹ የተጠላለፉትና የተቋጠሩት ሞለኪውሎች ናቸው።

ሁለት የሞለኪውል ቀለበቶች አንዱ በሌላው ውስጥ አልፎ ተዘግተዋል እንበል። በመካከላቸው አንድም ኬሚካዊ ትስስር የለም፤ ግን አንዱን ካልሰበሩ አይላቀቁም። ኬሚስቶች ካቴኔን ይሏቸዋል። ይህ የፈረንጅ ላቦራቶሪ ቅንጦት የሚመስለው ካለ ግመሎቻችንን ይመልከት። በቆላ ግመል ላይ ሱራ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ትራይፓኖሶማ ኢቫንሲ፣ በደጋ ደግሞ ሰው ፊት ላይ ቁንጭር የሚያወጣው ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ፣ ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ጥገኛ ተሕዋስያን ናቸው። በዚህ ቤተሰብ ሕዋስ ውስጥ፣ በማይቶኮንድሪያው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች እርስ በርስ ተጠላልፈው ይገኛሉ። ተሕዋሱ ሊባዛ ሲል ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ከመረቡ ያወጣል፣ ይገለብጣል፣ መልሶ ይሰካል። ይህን ቆርጦ የማሳለፍና መልሶ የመግጠም ሥራ የሚሠራው ቶፖአይሶሜሬዝ የተባለ ኢንዛይም ሲሆን፣ ያለ ማግኒዚየም አዮን እጁን አያነሳም። ብረት ነክ አዮኖች ወደዚህ ሥራ የገቡት እንግዲህ ሰው ሳያስብበት በፊት ነው።

ሰው ሲጀምረው ዕድሉን ጠብቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ኤደል ዋሰርማን ረጅሙ ሞለኪውል ጫፍና ጫፉን ሲገጥም በአጋጣሚ በሌላ ቀለበት ውስጥ አልፎ እንዲገኝ ተስፋ አደረጉ። ተገኘም፤ ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ነገሩን የለወጠው መዳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ዣን ፒየር ሶቫዥና ባልደረቦቻቸው አንድ የተዘጋ ቀለበትና አንድ ጫፎቹ ክፍት የሆኑ ቅስት ሞለኪውል ወሰዱ። በሁለቱም ላይ ፌናንትሮሊን የተባለ፣ ሁለት ናይትሮጅን ያለው ክፍል አለ። አንድ ፖዘቲቭ ሙል ያለው የመዳብ አዮን አራት ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ ሁለቱን ከቀለበቱ፣ ሁለቱን ከቅስቱ ወሰደና ሁለቱን አካላት አጣምሮ ያዛቸው። ቅስቱ በቀለበቱ ውስጥ እንዳለፈ በሌላ ቁራጭ ተዘጋ። ውጤቱ 42 በመቶ ደረሰ። መዳቡ እያለ ውሁዱ ጥቁረት ያዘለ ቀይ ነው፤ ፖታሲየም ሲያናይድ ሲጨመርበት መዳቡ ተነቅሎ ይወጣል፣ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል፣ ቀለበቶቹ ግን እንደተጠላለፉ ይቀራሉ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው መዳቡ ሙጫ አለመሆኑን ነው። መዳቡ ቅርፅ ይመርጣል። ናይትሮጅኖቹ በአራት አቅጣጫ፣ በትክክለኛው ማዕዘን ካልተሰለፉለት አይረጋም። ከመዳቡ ላይ አንድ ኤሌክትሮን ቢነጠቅ ምርጫው ይቀየርና ከአራት ይልቅ አምስት ጎረቤት ይሻለዋል። ሶቫዥ እ.ኤ.አ. በ1994 በዚሁ ዘዴ አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ አዞሩት። እ.ኤ.አ. በ2016 ከፍሬዘር ስቶዳርትና ከቤን ፌሪንጋ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙትም በዚህ መስመር ነው።

ወደ መለየቱ ልመለስ። ይህ ምርጫ ያለበት አዮን አይሶመሮች በተቀላቀሉበት ፈሳሽ ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል? ከቀለበቶቹ መጠላለፍ በፊት በተራ ቀለበት ተሞክሯል። ቻርለስ ፔደርሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ያስተዋወቋቸው ክራውን ኢተር የሚባሉ ቀለበቶች መሐላቸው ክፍት ነው፤ አንደኛው ዓይነት ፖታሲየም ልክ ይሆነዋል፣ ሶዲየም ግን ይላወስበታል። ከእነዚህ ቀለበቶች አንዱ ሁለት አይሶመር ነበረው። በአሜሪካ ዩታ ሪድ አይዛትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ሥራ የእርሳስ አዮን ጨመሩበት፤ እርሳሱን የያዘው አንደኛው አይሶመር ጠጥሮ ወደ ታች ሲወርድ ሌላው በፈሳሹ ውስጥ ቀረ። ከዚህ በኋላ ማጥለል ብቻ ነው። ይህን የሰማ ሰው ከእኛ ወዲያ ማዶ ዳሎል ያለውን የሶዲየምና የፖታሲየም ጨው ድብልቅ በክራውን ኢተር እንለየው ሊል ይችላል። አይሆንም። ቀለበቱ ውድ ነው፤ የማዕድን ጨው የሚለየው በቶን ነው፤ ለዚያ በውኃ ማሟሟትና መልሶ ማጠንጠር ይበቃል። ይህ ስልት ለሚሊግራም የተፈጠረ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ቋጠሮው ነበር። ሶቫዥና ክርስቲያን ዲትሪሽ ቡሼከር እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለት የሞለኪውል ክሮችን በሁለት የመዳብ አዮኖች ላይ አጠማዝዘው፣ ጫፎቹን ገጥመው፣ ሦስት ቦታ የሚሻገር ቋጠሮ አወጡ፤ የተገኘው 3 በመቶ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ የተቋጠረ ድብልቅ ነው። ሁለቱ በመስተዋት እንደሚታይ ምስል ናቸው፤ ክብደታቸው፣ የሚቀልጡበት ሙቀት፣ በተራ ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሙበት መጠን ሁሉ አንድ ነው። ወንፊትም፣ ነፋስም፣ እሳትም አይለያቸውም።

ያዳነው በውስጣቸው ያለው መዳብ ነው። መዳብ የሌለው ቋጠሮ ሙል የለውም፤ ሁለቱ መዳቦች ሲኖሩበት ግን ፖዘቲቭ ስለሚሆን ኔጋቲቭ ጓደኛ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1996 እነ ሶቫዥ ራሱ አንድ ወገን ብቻ የሆነ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ያልተቀላቀለበት፣ ቢናፍቲል ፎስፌት የተባለ ጓደኛ አቀረቡለት። ከአንደኛው ወገን ቋጠሮ ጋር የተጣመረው ጠጠረ፤ ከሌላው ጋር የተጣመረው ሟሙቶ ቀረ። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1848 የሁለት ወገን ክሪስታሎችን በአጉሊ መነጽር እያዩ በወረንጦ ለቅመው ነበር፤ እዚህ ወረንጦ መያዝ አላስፈለገም።

ስልቱ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። መዳቡን ለማውጣት ሲያናይድ፣ ማለትም ገዳይ መርዝ ያስፈልጋል፤ የእርሳሱም ዝቃጭ የትም አይደፋም። ለእያንዳንዱ ቋጠሮ የሚስማማውን አዮንና ጓደኛውን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ እየሞከሩ መፈለግ ነው። እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚያስገርመኝ ግራና ቀኙ በእርግጥ የተለያዩ መሆናቸው ነው። የኬሚስትሪ አስተማሪ የሆናችሁ በክፍል ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ወጪው ሁለት ክንድ ቀጭን ሽቦ ነው። አንዱን ተራ ቋጠሮ ቋጥራችሁ ጫፎቹን አጣምሩ፣ ሌላውን በተቃራኒው አዙራችሁ እንዲሁ አድርጉ፤ ከዚያ ተማሪዎቹ ሳይቆርጡ አንዱን ወደ ሌላው እንዲለውጡት ስጧቸው። ክፍለ ጊዜው ያልቃል፣ አይለውጡትም።