ስፖርተኞችን ከሜዳ የሚያርቀው ጉዳት ከምን ይመጣል? እንዴትስ መከላከል ይቻላል?

ቀነኒሳ በቀለ በ2008 (እአአ) የቤይጂንግ ኦሊምፒክ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ ባጠለቀበት ዘመን የሚገታው ያለ አይመስልም ነበር። ከ2010 መጀመሪያ አንሥቶ ግን የባት ጡንቻ ጉዳት ለሁለት ዓመት ገደማ ከውድድር አራቀው። በ2011 በደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ቢመለስም የ10,000 ሜትሩን ሩጫ ሳይጨርስ አቋርጦ ወጣ።

ከእርሱ ቀደም ብሎ ኃይሌ ገብረሥላሴም ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞታል። በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ሲያሸንፍ የተረከዝ ጅማቱ ታምሞ ነበር። ከድሉ በኋላም ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል።

ሁለቱ አትሌቶች ስማቸውም አቅማቸውም ለሕክምና ያበቃቸው ነበሩ። በሱሉልታ፣ በበቆጂ ወይም በኬንያዋ ኢቴን ጎሕ ሲቀድ ለልምምድ ለሚወጡ ብዙ ወጣቶች ግን አንድ የውድድር ዘመን ማጣት ማለት የቤተሰብን ተስፋና ገቢ ማጣት ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ሕመማቸውን ከአሠልጣኝ ደብቀው የሚሮጡ አሉ። ይህ መደበቅ ግን ቀላሉን ጉዳት ወደ ከባድነት ሊለውጠው ይችላል።

ጉዳት እንዴት ይፈጠራል?

የስፖርት ጉዳት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው እንደ ወለምታ ወይም የጅማት መበጠስ በቅጽበት የሚደርሰው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቀስ በቀስ፣ ከተደጋጋሚ ጫና የሚመጣው ሲሆን በረዥም ርቀት ሯጮች ዘንድ የሚበዛው ይህኛው ነው።

አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው። ሯጩ በረገጠ ቁጥር በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉዳቶች ይፈጠሩበታል። ሰውነት በመጀመሪያ የተጎዳውን ክፍል ያነሣል፤ ቀጥሎም በአዲስና በጠነከረ ይተካዋል። ሆኖም ማንሣቱ ፈጣን፣ መተካቱ ግን ሳምንታትን የሚወስድ በመሆኑ በመካከሉ አጥንቱ ደከም የሚልበት ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ ልምምዱ ያለ ዕረፍት ከቀጠለ አጥንቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጅማትም የሚያገኘው የደም ፍሰት ከጡንቻ ያነሰ ስለሆነ የሚያገግመው ዘግይቶ ነው። ልብና ሳንባ በአንጻሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለልምምድ ይበረታሉ። በመሆኑም ወጣቱ ሯጭ "ገና አልደከመኝም" ሲል ትንፋሹ እውነቱን ቢሆንም አጥንቱና ጅማቱ ግን ገና አልደረሱም።

የተለመዱ እምነቶች ሲፈተኑ

ኔዘርላንዳዊው ተመራማሪ ቪለም ፋን ሜኸለንና ባልደረቦቹ በ1992 ለዚህ የጥናት ዘርፍ አራት ደረጃ ያለው መንገድ አስቀመጡ፦ የጉዳቱን ስፋት መለካት፣ መንስኤውን መለየት፣ መከላከያ መንገድ መሞከር፣ በመጨረሻም ጉዳቱ መቀነሱን እንደገና መለካት። በዚህ መንገድ ሲፈተኑ ብዙ የለመድናቸው ምክሮች አልጸኑም።

ከሩጫ በፊት ቆሞ ጡንቻን መሳብና መወጠር አንዱ ነው። በ2000 በታተመ ጥናት 1,538 የአውስትራሊያ ጦር ምልምሎች ለ12 ሳምንታት ተከታትለው ነበር፤ ጡንቻቸውን እየሳቡ ልምምድ በጀመሩትና ይህን ባላደረጉት መካከል ትርጉም ያለው የጉዳት ልዩነት አልታየም።

"በሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አትጨምር" የሚለው ምክርም ተፈትኗል። በኔዘርላንድስ 532 ጀማሪ ሯጮች በተሳተፉበትና በ2008 በታተመ ጥናት፣ ልምምዱን ቀስ ብለው የጨመሩትም ፈጠን ብለው የጨመሩትም ከአምስት አንዱ ገደማ ተጎድተዋል።

በ2025 የታተመና ከ5,000 በላይ ሯጮችን ለ18 ወራት የተከታተለ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። አደጋው ይበልጥ የተያያዘው ከሳምንቱ ድምር ሳይሆን ከአንዱ ቀን ሩጫ ጋር ነበር። ሯጩ በአንድ ጊዜ የሮጠው ርቀት ባለፉት 30 ቀናት ከሮጠው ረዥሙ ርቀት ከ10 በመቶ በላይ ሲያልፍ የጉዳቱ ዕድል በጉልህ ጨምሯል፤ ርቀቱን ከእጥፍ በላይ ባሳደጉት ላይ ደግሞ አደጋው ከእጥፍ በልጧል። በሌላ አነጋገር በወሩ ውስጥ ረዥሙ ሩጫው 20 ኪሎ ሜትር የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ 30 ለመሮጥ ቢነሣ፣ የሳምንቱ ድምር ባይጨምር እንኳ ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ምግብና እንቅልፍ

ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ባወጣው የባለሙያዎች ስምምነት፣ የሚበሉት ምግብ ለልምምዳቸው የማይበቃ ስፖርተኞች የሚገጥማቸውን የጤና ችግር በዝርዝር አስቀምጧል። ሰውነት የሚያገኘው ኃይል ሲያንሰው ለሕይወት አስቸኳይ ያልሆነውን ሥራ ይቀንሳል። ሆርሞኖች ይዛባሉ፤ አጥንት ይሳሳል።

በሴቶች ላይ ከሚታዩት ምልክቶች ዋነኛው የወር አበባ መዛባት ወይም መቅረት ነው። በአንዳንድ የልምምድ ቡድኖች ይህ "የጥሩ ሯጭ ምልክት" ተደርጎ ሲወሰድ ይሰማል። ሐኪሞች ግን ከአጥንት ስንጥቃት በፊት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ አድርገው ያዩታል። ችግሩ ወንዶችንም ይነካል። በጾም ወቅት ልምምዳቸውን የሚቀጥሉ ሯጮችም ከሚበሉት ጋር የልምምዱን መጠን ማመጣጠን ይኖርባቸዋል።

እንቅልፍም ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። በ2014 በታተመና 112 ታዳጊ ስፖርተኞች በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ በአማካይ ከስምንት ሰዓት በታች የሚተኙት የመጎዳት ዕድላቸው ከሌሎቹ 1.7 እጥፍ ነበር።

ሃያ ደቂቃ የሚወስደው መከላከያ

ከመከላከያ መንገዶች ሁሉ ጠንካራ ማስረጃ ከቀረበላቸው አንዱ ለእግር ኳስ ተጫዋቾች የተዘጋጀው "ፊፋ 11+" የተባለው ማሟሟቂያ ነው። ቀላል ሩጫን፣ የጡንቻ ማጠንከሪያን፣ የሚዛንና የዝላይ ልምምድን ያካተተ ሲሆን 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከኳስና ከሜዳ በቀር መሣሪያ አይጠይቅም።

በኖርዌይ ከ1,800 በላይ ታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ተሳትፈውበት በ2008 በታተመው ሙከራ፣ ማሟሟቂያውን የሠሩት ቡድኖች የደረሰባቸው ጉዳት በሲሶ ገደማ፣ ከባድ ጉዳቶች ደግሞ በግማሽ ገደማ ያነሱ ነበሩ። በናይጄሪያዋ ሌጎስ 416 ወጣት ተጫዋቾች በተካተቱበት ጥናት ጉዳቱ በ40 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በሩዋንዳ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድኖች ላይ የተደረገው ሙከራም ውጤቱ አበረታች ነበር።

ለኋላ ጭን ጡንቻ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ልምምድ አለ። ስፖርተኛው ተንበርክኮ፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ይዞለት፣ ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወርዳል። በዴንማርክ 942 ተጫዋቾች በተሳተፉበትና በ2011 በታተመ ጥናት፣ ይህን በሠሩት ዘንድ 15፣ ባልሠሩት ዘንድ ደግሞ 52 የኋላ ጭን ጡንቻ ጉዳቶች ተመዝግበዋል።

ሕክምናው ምን ተለወጠ?

አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን በ1978 የተጎዳ አካልን ማሳረፍ፣ በረዶ መያዝ፣ በፋሻ ማሰርና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ እንደሚገባ ጽፈው ምክራቸው በዓለም ተሰራጨ። በ2014 ግን ራሳቸው በረዶና ፍጹም ዕረፍት ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ አመለከቱ። ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት አካሉን ከጫና መጠበቅን፣ ከዚያም ሕመሙ በፈቀደው መጠን ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስን ይመክራሉ።

የዚህ ለውጥ አንዱ ምሳሌ የተረከዝ ጅማት ሕክምና ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን ራሳቸው በዚህ ሕመም ይሠቃዩ ነበር። ቀዶ ሕክምና ሲከለከሉ፣ ጅማቱ ብሶበት ሐኪሞቹ እንዲቀበሏቸው በማሰብ በከባድ ልምምድ ሊጎዱት እንደሞከሩና በተቃራኒው እንደዳኑ ይነገራል። በ1998 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት 15 ሕሙማን በደረጃ ጫፍ ላይ ቆመው ተረከዛቸውን ቀስ እያሉ ዝቅ የሚያደርጉበትን ልምምድ በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንታት ሠሩ። ሁሉም ወደ ሩጫ ተመለሱ። ጅማት ፈጽሞ ከማረፍ ይልቅ በተመጠነ ጫና ይጠነክራል የሚለው አመለካከት ከዚያ ወዲህ ሥር ሰድዷል።

በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ሲጎዳ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ቅርብ ነው፤ ክፍያውም ይቀላል። ዋነኛው አደጋ ስብራትን በጣም አጥብቆ ማሰር ነው፤ ደም መተላለፊያ ያጣው እግር ወይም እጅ ሞቶ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። በኢትዮጵያ ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡ ሰዎች ቁጥር በጉልህ መቀነሱን በ2005 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የታሰረ አካል ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ሕመሙ ከበረታ ማሰሪያው ወዲያው ሊላላና ተጎጂው ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል።

መቼ ይመለሱ?

ለአዲስ ጉዳት ከሚያጋልጡ ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ የቀድሞ ጉዳት ነው። በኖርዌይና በአሜሪካ የጉልበት ጅማታቸው ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ስፖርተኞች የተከታተለና በ2016 የታተመ ጥናት፣ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ ወደ ሜዳ መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት ዕድል በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ለሯጮች ደግሞ ቀላል መለያ አለ። ልምምድ ሲጀመር ተሰምቶ ሰውነት ሲሞቅ የሚጠፋ ሕመም መጠኑን ለመቀነስ ምልክት ነው። በሩጫ የሚብስ፣ በጣት ሲነካ በአንድ ነጥብ ላይ የሚያም ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ግን የአጥንት ስንጥቃት ሊሆን ስለሚችል ሩጫን አቁሞ መመርመርን ይጠይቃል። ስንጥቃቱ በጊዜ ከታወቀ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ዕረፍት ይድናል። ከተደበቀ ግን ወደ ሙሉ ስብራት ሊያድግና ከአንድ የውድድር ዘመን በላይ ሊያሳጣ ይችላል።

ቀነኒሳ ዴጉ ላይ ሩጫውን ካቋረጠ ከሳምንታት በኋላ በብራሰልስ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። በ2019 ደግሞ በ37 ዓመቱ የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ አጠናቀቀ።