«ከውሉ ወጥቷል» ከማለት በፊት

«እገሌ የተባለው አገር የኑክሌር ደኅንነትን ውል ጥሎ ወጣ» የሚል ወሬ አልፎ አልፎ እንሰማለን። ግን ማን አረጋገጠው? የማረጋገጫውን መንገድ ለመማር እስከ ቪየና መሄድ አያሻንም፤ ባሮ ወንዝ ዳር መውረድ ይበቃናል።

ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል 4ኛ አንቀጽ፥ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ተፈቀደ። ጣቢያውም በጋምቤላ ተቋቋመ። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንደ ሆነ አንቀጹ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻ ስትወጣ፥ ማንም «ከውሉ ወጥቻለሁ» ብሎ ሳይጽፍ የኪራዩ ዘመን አለቀ፤ ጣቢያውም ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

«እንግዲያስ ውሉ ፈርሷል» የሚል ግን ቸኩሏል። ያለቀው 4ኛው አንቀጽ ነው። 3ኛው አንቀጽ ደግሞ በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና ባሮ በሚፈስበት በሶባት ላይ፥ ወደ ዓባይ የሚወርደውን ውሃ የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ይላል። ይህን ግብጽ ትጠቅሰዋለች፤ ኢትዮጵያ አያስገድደኝም ትላለች። እንግዲህ ሁለቱን አንቀጾች ሳይለይ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ የሚጽፍ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በወንዙ ጉዳይ አገሩን ይጎዳል።

የኑክሌሩም ነገር እንደዚሁ ነው። በ1986 ዓ.ም. በቪየና የጸደቀው የኑክሌር ደኅንነት ስምምነት የመውጫ በሩን ራሱ ያሳያል። መውጣት የሚፈልግ መንግሥት ለውሉ ጠባቂ፥ ማለትም ለዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ዋና ዳይሬክተር፥ በጽሑፍ ያስታውቃል፤ መውጣቱ የሚጸናውም ማስታወቂያው ከደረሰ ከ1 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ አገሩ በውሉ ውስጥ ነው።

የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ሌላው ውል የ3 ወር ማስታወቂያ ይጠይቃል። ሰሜን ኮሪያ መጋቢት 3 ቀን 1985 ዓ.ም. እወጣለሁ ብላ፥ ጊዜው ሊሞላ 1 ቀን ሲቀረው አገደችው። ጥር 2 ቀን 1995 ዓ.ም. ግን ከእንግዲህ የለሁበትም አለች፤ የውሉ አባሎች ስለ አቋሟ ዛሬም አንድ ቃል የላቸውም።

ስለዚህ ወሬው ሲመጣ ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ የትኛው አንቀጽ ነው? ለማን በጽሑፍ ተነገረ? ከመቼ ጀምሮ ይጸናል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለምን?