ብዙ የምትጥል ዶሮ ዘሯ ከአውራውም ይመጣል



በበቾ ቦሬም ሆነ በጅማ ዙሪያ ባለው ገጠር ዶሮ የማይጭርበት ደጅ ጥቂት ነው። ጨውና ሳሙና፣ ደብተርና እርሳስ ብዙ ጊዜ የሚገዛው በእንቁላል ነው። ታዲያ በአንድ ግቢ እየጫሩ አንዷ ብዙ፣ ሌላዋ ጥቂት የምትጥለው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ዘር ነው።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። ጫጩት ግማሹን ዘር ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ይወርሳል። አውራ ዶሮ እንቁላል አይጥልም። ነገር ግን እናቱ ብዙ የምትጥል ከሆነች ጠባይዋን ለሴት ልጆቹ ሊያወርስ ይችላል።

መታቀፍም በዘር የሚወረስ ጠባይ ነው። የአበሻ ዶሮ ከ12 እስከ 15 ያህል እንቁላል ትጥልና ትታቀፋለች። 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ከዚያ ጫጩቶቿን ታሳድጋለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ አትጥልም። ስለዚህ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ያህል ነው። ሌግሆርን የምትባለው የፈረንጅ ዶሮ የመታቀፍ ጠባይዋ በምርጫ እየቀነሰ ስለ ሄደ፣ በጥሩ አያያዝ በዓመት ከ200 በላይ ትጥላለች። ግን በቂ መኖና ክትባት ትፈልጋለች፤ ጫጩትም አታሳድግልንም። ስለዚህ የአበሻን ዶሮ መናቅ አይገባም።

የአበሻ ዶሮ በምርጫ ትሻሻላለች። የወለጋዋ የሆሮ ዶሮ ለዚህ ምስክር ናት። በ2000 ዓ.ም. በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል የሆሮን ዶሮ ማሻሻል ተጀመረ። ባለሙያዎቹ በየትውልዱ ብዙ የሚጥሉትን ሴቶችና ከጥሩ ቤተሰብ የተወለዱትን አውራዎች እየመረጡ አራቡ። ሰባት ትውልድ ያህል ሲያልፍ የእንቁላሉ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ። የፈረንጅ ዘር አልተቀላቀለበትም።

እኛ ቤት የሚደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በዓል ሲደርስ ትልቁና ጥሩው አውራ ገበያ ይወጣል። ሳይሸጥ የቀረው ደካማ ይቀራል፤ የከርሞ ጫጩቶች አባትም እሱ ይሆናል። እንዲህ ስናደርግ በየዓመቱ ጥሩውን ዘር እየሸጥን ነው።

አሁን መጻፍ ችለናል። እንግዲህ እንጠቀምበት።

1. ለእያንዳንዷ ዶሮ በላባዋ ስም እንስጥ፦ ገብስማ፣ ቀይ፣ ነጭ።
2. እንቁላል የጣለችበትን ቀን በደብተር እንጻፍ። ደብተር ከሌለ ግድግዳ ላይ በከሰል እንጻፍ።
3. ዓመት ሲሞላ እንደምር። ብዙ ከጣለችው ዶሮ እንቁላል እናስታቅፍ።
4. ከእሷ ከተወለዱት ወንዶች ጤነኛውን ለዘር እናስቀር፤ ሌሎቹን እንሽጥ።
5. አውራው ከእናቱና ከሴት ልጆቹ ጋር እንዳይራባ ከጎረቤት ጋር እንለዋወጥ። የቅርብ ዘመድ ሲዳቀል ዘሩ ይደክማል።

ዶሮ አጥር አታውቅም። የጎረቤት አውራ ደካማ ከሆነ የእኛም ጫጩት ይደክማል። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት መመካከር አለበት።

ዘር ብቻውንም አይበቃም። የተራበችና ውሃ የጠማት ዶሮ የቱንም ያህል ጥሩ ዘር ቢኖራት አትጥልም። ፈንግል ከገባ ደግሞ ዘሩም ሀብቱም ባንድ ሳምንት ያልቃል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንጠይቅ፤ በጊዜ እናስከትብ።

ዛሬ ማታ የዶሮዎቻችሁን ስም ጻፉ። ነገ የጣለችውን መዝግቡ።