ሳይለኩ ሰርቨር መግዛት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ቲኬት በኢንተርኔት የሚሸጥ አንድ ድርጅት አለ እንበል። ቀኑ የበዓል ዋዜማ ነው። ወደ አገሩ የሚሄደው ሁሉ በአንድ ሰዓት ስልኩን አውጥቶ የድርጅቱን ድረ ገጽ ለመክፈት ይሞክራል፤ ገጹ ግን አልከፈት ይላል። ደንበኛው ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ተስፋ ሲቆርጥ ወደ ሌላ ሻጭ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጁ የኮምፒዩተር ባለሙያውን አስጠርተው ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቁ የሚሰጣቸው መልስ አጭር ነው፤ «ሰርቨሩ አልቻለም፤ ተለቅ ያለ ይገዛ።» በማግስቱ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ የግዢ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ የውጭ ምንዛሪ ይፈለጋል። በዚህ ሁሉ ሩጫ መካከል ሳይነሳ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው። ሰርቨሩ አልቻለም ሲባል ያልቻለው ምኑ ነው?

ሰርቨር ማለት ድረ ገጹን ይዞ ለሚጠይቀው ሁሉ የሚያድል ኮምፒዩተር ነው። ሥራ ሲበዛበት ይዘገያል፤ ሲብስበትም ከነጭራሹ ይቆማል። ይሁንና መዘግየቱ የአቅም ማነስ ምልክት ነው ብሎ መደምደም፣ ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ ወባ ይዞታል እንደማለት ነው። መድኃኒቱ ከመገዛቱ በፊት ምርመራው መቅደም አለበት።

የአሜሪካ ሒሳብና የአዲስ አበባ ሒሳብ

በአሜሪካ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ዘንድ የቆየ አባባል አለ። «ዕቃው ርካሽ ነው፤ ውዱ የባለሙያው ጊዜ ነው» ይላሉ። የአንድ ልምድ ያለው ኢንጂነር የወር ደመወዝ ደህና ሰርቨር በሚገዛበት አገር አባባሉ ትክክል ነው። ባለሙያው ለሁለት ሳምንት ሰርቨሩን ሲፈትሽ ከሚቆይ፣ ሌላ ማሽን ገዝቶ ጎኑ ላይ መትከል ያዋጣል።

ሚዛኑ አዲስ አበባ ሲደርስ ይገለበጣል። ሰርቨር የሚገዛው በዶላር ሲሆን ደመወዝ የሚከፈለው በብር ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መሸጥ ጀምሯል። በዚህ ስሌት በፊት 285 ሺህ ብር ይፈጅ የነበረ የ5 ሺህ ዶላር ሰርቨር፣ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመርበት ግማሽ ሚሊዮን ብር ደርሷል ማለት ነው። ከውጭ አገር ኩባንያ ሰርቨር የሚከራየውም ቢሆን ኪራዩን የሚከፍለው በዶላር በመሆኑ ከዚህ አያመልጥም። የባለሙያው ደመወዝ ግን በነዚያ ሳምንታት በእጥፍ አላደገም። ስለዚህ ለአሜሪካው ነጋዴ የማያዋጣው የሁለት ሳምንት ፍተሻ ለአዲስ አበባው ነጋዴ ከሁሉ የረከሰ ግዢ ይሆናል።

ቅድሚያ መለኪያ

አንድ ሰርቨር የሚጨናነቅባቸው ቦታዎች በዋናነት አራት ናቸው፤ ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪው፣ ዲስኩና የኔትወርክ መስመሩ። ከአራቱ አንዱ ሲሞላ ሌሎቹ ሥራ ፈት ሆነው ይጠብቃሉ። የዳቦ ቤት ምድጃ አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ አሥር አቡኪ መቅጠር ዳቦውን እንደማያፋጥነው ሁሉ፣ የሞላው ሜሞሪ ሆኖ ሳለ ፈጣን ፕሮሰሰር መግዛትም ፋይዳ የለውም።

የትኛው እንደሞላ ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ በነፃ የሚገኝ ነው። ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለሚሠራ ሰርቨር ቶፕ፣ ቪኤምስታትና አዮስታት የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንደሚሠራ፣ ሜሞሪው ምን ያህል እንደተያዘ፣ ዲስኩ ምን ያህል እንደሚጠበቅ በየሰከንዱ ይናገራሉ። ቁም ነገሩ ንባቡ የሚወሰደው ገበያ በደራበት ሰዓት መሆኑ ነው። ሌሊት ሰው በሌለበት የተለካ ሰርቨር ሁልጊዜ ጤነኛ ነው።

የአስተናጋጆቹ ቁጥር

ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚገኘው ማንም ባልነካው ቅንብር ውስጥ ነው። ለዘመናት በሰፊው ሲሠራበት የቆየውን አፓቼ የተባለውን የድረ ገጽ ሶፍትዌር ለምሳሌ እንውሰድ። አፓቼ በቀድሞው አሠራሩ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ «አስተናጋጅ» ይመድባል። ማንም ካልቀየረው በስተቀር የአስተናጋጆቹ ቁጥር እስከ 256 ይደርሳል።

ሰርቨሩ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙና ለዳታቤዙ 1 ጊጋባይት ሲቀነስ 3 ጊጋባይት ይቀራል እንበል። እያንዳንዱ አስተናጋጅ 40 ሜጋባይት የሚፈጅ ከሆነ በዚህ ቦታ ላይ የሚችሉት 75 ያህል ብቻ ናቸው። የበዓል ሰሞን ግርግር ሲመጣ ግን አፓቼ 256ቱንም ይጠራቸዋል። ለነሱ የሚያስፈልገው ሜሞሪ 10 ጊጋባይት ይሆናል። ይህ ስለሌለ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያወርዳል፤ ይህም ስዋፕ ይባላል። ዲስክ ከሜሞሪ ጋር ሲነጻጸር በሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ የዘገየ ነው። በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ 256 አስተናጋጅ ሲጋፋ ወጡም እንጀራውም እንደማይወጣ ሁሉ፣ ሰርቨሩም ማንንም ሳያስተናግድ ሲንገዳገድ ይውላል።

መፍትሔው አንድ ቁጥር መቀየር ነው፤ 256 የነበረውን 75 ማድረግ። ሰባ ስድስተኛው ደንበኛ ለአፍታ ወረፋ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ከፊቱ ያሉት በፍጥነት ስለሚስተናገዱ ተራው ቶሎ ይደርሳል። አስተናጋጅ ቀንሶ ገበያ ማፋጠን ለነጋዴ ጆሮ እንግዳ ይመስላል፤ በሰርቨር ዘንድ ግን የተለመደ ነው።

ሌላው ደግሞ የማቆያ ጊዜው ነው። አፓቼ አንድን ደንበኛ ካስተናገደ በኋላ «ሌላ ነገር ይጠይቅ ይሆናል» ብሎ ለተወሰነ ጊዜ መስመሩን ሳይዘጋ ይጠብቀዋል። ይህ ጊዜ በአሮጌዎቹ አፓቼዎች 15 ሰከንድ ነበር፤ በኋላ ወደ 5 ሰከንድ ዝቅ ብሏል። ገጹን ለማድረስ ግማሽ ሰከንድ የሚበቃ ከሆነ፣ አንዱ አስተናጋጅ በአንድ ደንበኛ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ 5 ሰከንድ ተኩል ነው። በዚህ ሒሳብ 75ቱ አስተናጋጆች በሰከንድ የሚያስተናግዱት ወደ 14 ሰው ነው። የማቆያው ጊዜ 1 ሰከንድ ቢደረግ ግን 50 ሰው ያስተናግዳሉ። ያው ማሽን፣ ያው ሜሞሪ፤ ገበያው ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

ይህን የአስተናጋጅ ችግር ከሥሩ ለመንቀል የተነሳም ሶፍትዌር አለ። ሩሲያዊው ኢንጂነር ኢጎር ሲሶየቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው ኤንጂንኤክስ አንዱ አስተናጋጅ በሺህ የሚቆጠሩ ደንበኞችን እንዲከታተል አድርጎ የተሠራ ነው። በነፃም ይገኛል። አዲሶቹ የአፓቼ አሠራሮችም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል።

አንዴ ሠርቶ ሺህ ጊዜ ማደል

ሌላው ትልቅ ብክነት አንዱን መልስ ደጋግሞ መሥራት ነው። ቲኬት ሻጩ ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄዱትን አውቶቡሶች ሰዓት በጠየቀው ሰው ቁጥር ልክ ከዳታቤዝ እየፈለገ ካወጣ፣ አንዱን ሥራ አሥር ሺህ ጊዜ እየሠራ ነው። መልሱን አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ሜሞሪ ላይ ማስቀመጥና ለሚመጣው ሁሉ ማደል ይቻላል። ባለሙያዎቹ ይህን ካሽ ይሉታል። ከጥሬ ገንዘቡ ካሽ ጋር በድምፅ ቢመሳሰልም ቃሉ ሌላ ነው፤ የሚያተርፈው ግን ያንኑ ገንዘብ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ውጤት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተፈታኞችን የሚመለከት ነበር። የአንድ ተማሪ ስምና ውጤት 500 ባይት ቢይዝ፣ የሁሉም ተደምሮ 450 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። ይህ በርካሽ ስልክ ሜሞሪ ውስጥ እንኳ የሚገባ ነው። ውጤት ደግሞ አንዴ ከወጣ በኋላ በየደቂቃው አይቀያየርም። እንዲህ ያለ መረጃ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ሜሞሪ ላይ ከተቀመጠ መጠነኛ ሰርቨር ብዙ ሕዝብ ያስተናግዳል። በየጥያቄው ከዳታቤዝ የሚፈለግ ከሆነ ግን ውድ ሰርቨርም ሊንበረከክ ይችላል።

ከዳታቤዝ መፈለጉ የግድ ሲሆንም ማውጫ ወይም ኢንዴክስ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። አንድ ሚሊዮን መዝገብ ያለው ዳታቤዝ ማውጫ ከሌለው አንዱን ሰው ለማግኘት ሁሉንም ሊያገላብጥ ይችላል። መዝገቡ በቅደም ተከተል ማውጫ ከተሠራለት ግን በየጊዜው ግማሹን እየጣሉ ቢፈልጉ እንኳ በ20 እርምጃ ይደረስበታል። ማውጫውን ማሠራት ለባለሙያው የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው።

ገንዘብ ያልገዛው ፍጥነት

የአሜሪካ መንግሥት ዜጎች የጤና መድን የሚገዙበትን ሄልዝኬር ዶት ገቭ የተባለ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 ከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ሒደቱን ጨርሰው የተመዘገቡት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ ላይ ያመካኙት በጎብኚው ብዛት ነበር፤ ከ50 እስከ 60 ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ 250 ሺህ መጣብን ብለዋል። በኋላ ሊያድኑት የገቡት ባለሙያዎች የገጠማቸው ግን ሌላ ነው። ገጹ ምን ያህል እንደሚዘገይና የት ላይ እንደሚታነቅ የሚያሳይ መለኪያ እንኳ በወጉ አልነበረም። ተደጋግሞ የሚፈለግ መረጃም ካሽ አልተደረገም። መለኪያውን ሠሩ፤ ካሹንም አስተካከሉ። 8 ሰከንድ ይፈጅ የነበረው ገጽ ወደ 2 ሰከንድ ወረደ። እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ከ400 በላይ ጉድለቶች ታርመው የምላሹ ጊዜ ከ1 ሰከንድ በታች ሆኗል። በዚያው ሰሞን ተጨማሪ ሰርቨሮችም ተገዝተዋል። ግዢው የተከናወነው ግን በጨለማ ሳይሆን ቁጥር እየታየ ነው።

የዋትስአፕ ታሪክ ደግሞ ከዚህ በተቃራኒው ነው። ድርጅቱ የድረ ገጽ ሳይሆን የመልእክት ሰርቨሮች ያሉት ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። ኢንጂነሮቹ መነሻ ላይ በአንድ ሰርቨር 200 ሺህ ያህል ተጠቃሚዎችን በአንድ ጊዜ ያገናኙ ነበር። የታነቀውን ቦታ እየለኩ፣ አንዱን ሲከፍቱ ቀጥሎ የሚታነቀውን እየፈለጉ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 በአንድ ማሽን ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ማድረሳቸውን ገልጸዋል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ሲስማማ፣ 450 ሚሊዮን ተጠቃሚዎችን ያስተናግዱ የነበሩት ኢንጂነሮች 32 ነበሩ።

መግዛት የሚገባበት ጊዜ

ይህ ሁሉ ሲባል ሰርቨር አይገዛ ማለት አይደለም። ቅንብሩ ተስተካክሎ፣ ካሹ ተሠርቶ፣ ማውጫው ገብቶ ፕሮሰሰሩ በገበያ ሰዓት አሁንም ከ90 በመቶ በላይ የሚሠራ ከሆነ መግዛት የግድ ነው። ሜሞሪ ብቻ ከጎደለ ሜሞሪ መጨመር ሙሉ ማሽን ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። አንድ ሰርቨር ብቻ ያለው ድርጅትም ያ ሲበላሽ ሱቁ ስለሚዘጋ፣ መጨናነቅ ባይኖር እንኳ መጠባበቂያ መያዙ ተገቢ ነው።

ማስተካከያው ራሱም ጥንቃቄ ይጠይቃል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ በአንድ ሌሊት አምስት ነገር የቀየረ ባለሙያ የትኛው እንደረዳና የትኛው እንደጎዳ ማወቅ አይችልም። ደንቡ አንድ በአንድ መቀየር፣ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር መመዝገብ፣ ካልሠራም ወደ ቀድሞው መመለስ ነው። ለሙከራ የሰው ሠራሽ ጎብኚዎችን የሚልክ አፓቼ ቤንች የሚባል ፕሮግራም ከአፓቼው ጋር አብሮ ይመጣል። ይህ ሙከራ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት በሌሊት ቢደረግ ዋዜማው ላይ ከሚመጣው ድንጋጤ ያድናል።

ለሥራ አስኪያጁም ቴክኒኩን ማወቅ ግዴታ አይሆንባቸውም። ፕሮፎርማው ጠረጴዛቸው ላይ ሲቀርብ ከመፈረማቸው በፊት ሦስት ጥያቄ ቢያነሱ ይበቃል። ከአራቱ የሞላው የትኛው ነው? ያለ ግዢ ምን ተሞከረ፣ ቁጥሩስ ምን ያህል ተሻሻለ? የሚገዛው ዕቃ የሚፈታው የተለካውን ችግር ነው ወይ? ለሦስቱም በቁጥር መልስ ያለው ፕሮፎርማ ይፈረምለታል። መልስ የሌለው ወደ ባለሙያው ክፍል ተመልሶ ይሂድ፤ ዶላሩም መለኪያው እስኪመጣ ባንክ ውስጥ ይቆይ።